ለሐይቅ ዳር የዓሣ ማጥመጃ መድረክ የመንግሥት ድጋፍ እንዴት ይጠየቃል?

ሐይቅ ከተማ አጠገብ፣ ሎጎ በሚባለው ሐይቅ ዳር ልጆች ክርና መንጠቆ ይዘው ጭቃው ላይ ይደረደራሉ፤ አዛውንቱ መቀመጫ አጥተው ቆመው ያያሉ። ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጣው እንግዳ ደግሞ ጫማውን አውልቆ ይገባል። የጎደለው ብዙ አይደለም፦ የሚያስተማምን መቆሚያ መድረክ፣ ጥላ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ።

በባሕር ዳርቻ አገሮች ለዚህ የተለየ ገንዘብ ይመደባል። አሜሪካ ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማጥመጃ ዕቃ ላይ የምትሰበስበውን ግብር ለክልሎቿ እየመለሰች የጀልባ መውረጃና የማጥመጃ መድረክ ታሠራለች፤ ፌዴራሉ እስከ 75 በመቶ ይሸፍናል፣ ቀሪውን ክልሉ ያወጣል። እኛ ባሕር የለንም፤ የምንጠይቀውም ከወረዳው ዓመታዊ በጀት ነው። ድርሻ የመካፈሉ ነገር ግን እኛም ዘንድ ይሠራል። የራሱን ድርሻ ቆጥሮ የመጣ ማኅበረሰብ ባዶ እጁን ከመጣው ይልቅ እንደሚደመጥ አምናለሁ።

መጀመሪያ ነገሩን ወደ ቅሬ፣ ማለት ወደ አካባቢው ዕድር፣ ውሰዱት። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀመጥበት ቅሬ ከማንኛውም አዲስ ኮሚቴ ይበልጣል። የስብሰባውን ቀን ስትመርጡ የጁምዓን ሶላትና የእሑድን ቅዳሴ አትንኩ። ሴቶችና ወጣቶችም ከኮሚቴው ይግቡ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ሕዝቡ ይተባበራል» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ስንት ሰው ስንት ቀን እንደሚሠራ፣ ስንት ጭነት ድንጋይና አሸዋ እንደሚቀርብ ይጻፍ። የጉልበቱን ቀን በአካባቢው የቀን ሠራተኛ ሒሳብ አባዙትና ወደ ብር ለውጡት፤ ድርሻችሁ በቁጥር የሚታየው ያኔ ነው።

ቀጥሎ ቦታ መምረጥ ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሐይቁ ገደል አለው፣ ጥልቁ ጋ ከ80 ሜትር ያልፋል፤ ስለዚህ ረጋ ብሎ የሚወርድ ዳርቻ ፈልጉ። ውሃው በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይሸሻል። ሽማግሌዎችን የከፍታውንና የዝቅታውን ምልክት አስጠቁሙ፣ ካስማ ትከሉበት። ይህ ካልሆነ በመስከረም የተሠራው መድረክ በግንቦት ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል።

ዳር ዳሩን ያለውን ሣርና ሸምበቆም ሙሉ በሙሉ አትመንጥሩት። እ.ኤ.አ. በ1978 ወደ ሐይቁ የገባው ቆሮሶ (ቲላፒያ) የተባለው ዓሣ የሚራባው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው፦ ወንዱ ጎጆ ይቆፍራል፣ እናቲቱ እንቁላሉን በአፏ ታቅፋለች። መድረኩ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ይግባ፣ ሌላው ይቆይ።

የእስጢፋኖስን ገዳም አባቶች ሳታማክሩም ቦታ አትቁረጡ። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አትገባም፤ እናቶችና ልጃገረዶች የሚዝናኑበት ቦታ ከዚያ ራቅ ይበል።

ከዚያ ንድፍና የሥራ ግምት ያስፈልጋል። የወረዳውን መሐንዲስ ጠይቁ፤ ካልተመቸው የወሎ ዩኒቨርሲቲን የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል። ግምቱ ውስጥ የእጅ መደገፊያ፣ የተንሳፋፊ ቀለበትና ገመድ፣ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መወጣጫም ይግቡ። ለዕቃው ከተለያዩ ነጋዴዎች ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቡ።

ማመልከቻው ከሁለት ገጽ አይለፍ። ችግሩን በአንድ አንቀጽ፣ የምትሠሩትን በአንድ፣ ድርሻችሁንና የምትጠይቁትን በሠንጠረዥ አስቀምጡ። በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 መሠረት ሐይቁን እንደምትጠብቁም ግለጹ። ቃለ ጉባኤ፣ ንድፍ፣ ግምት፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ አስተያየትና የቀበሌው ሸኚ ደብዳቤ ይያያዙ። ለዓሣ ሀብቱም ለቱሪዝሙም ጽሕፈት ቤት ግልባጭ ስጡ፣ የገቢ ቁጥሩን መዝግቡ።

ጊዜውን አስታውሱ፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። በሰኔ የሚደርስ ማመልከቻ በጀቱ ተደልድሎ ያገኘዋል፤ በታኅሣሥና በጥር የወረዳው እጅ ላይ ይሁን።

ድጋፉ በገንዘብ ከመጣ በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፣ እያንዳንዱን ደረሰኝ አስቀምጡ። በርክክቡ ዕለት ደግሞ ሳንቃውን በእግራችሁ ሞክሩት፣ መሐንዲሱ ሳይሄድ የላላው ይጥበቅ፤ የጥገናው መዝገብም ለቅሬው ጸሐፊ ይሰጥ።