የገንዳው ሴራሚክ ሲረግፍ፦ ሠራተኛ ከመጥራታችሁ በፊት

አክስቴ ሸዋ ሮቢት ላይ አነስ ያለች የእንግዳ ማረፊያ አላት። ግቢው ውስጥ ገንዳ አለ፤ ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 5፣ ጥልቀቱ 1.5። በሮቢት ሙቀት ገንዳ ቅንጦት አይደለም፤ እንግዳው የሚመጣው ለእሱ ነው። አንድ ቀን ሴራሚኩ መርገፍ ሲጀምር ሠራተኛ ጠራች። "እትዬ፣ ግራውቱን ቀይረን በሦስት ቀን እናስረክብዎታለን" አላትና ቀብድ ተቀበለ። ግራውቱን፣ ማለትም በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን መሙያ፣ ቀየረው። በሁለተኛው ወር ያው ግድግዳ እንደገና ረገፈ።

የወደቀውን አንዱን አንስቼ ጀርባውን አየሁት። አራቱ ማዕዘንና መሃሉ ላይ አምስት ጉብታ ማጣበቂያ አለ። ሌላው ቦታ ንጹህ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው መስመር ሳይቀር ይታያል። ሕመሙ ከጀርባ፣ መድኃኒቱ ከፊት። ያ ገንዘብ እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ምልክቱን ራሳችሁ አንብቡት።

ውሃው ይጎድላል

ውሃ ሲጎድል ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ግራውቱ ላይ ነው። ሴራሚክና ግራውት ግን ውሃ እንዲይዙ የተሠሩ አይደሉም። ውሃ የሚይዘው ከሥራቸው ያለው ኮንክሪትና በላዩ የሚቀባው የውሃ መከላከያ ነው። "ግራውት ቀይሬ ፍሳሹን አቆምላችኋለሁ" የሚላችሁን አትቅጠሩት።

መጀመሪያ ግን እውነት እያፈሰሰ ነው ወይ? ሮቢት ላይ ፀሐይና ንፋስ ብቻቸውን በዓይን የሚታይ ውሃ ይወስዳሉ። ባልዲ ገንዳው ደረጃ ላይ አስቀምጡ፤ አፉ ከውሃው በላይ ይሁን። ውስጡን ከገንዳው ውሃ እኩል እስኪሆን ሙሉትና ሁለቱም ላይ ምልክት አድርጉ። ፓምፑን አጥፍታችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ። እኩል ከወረዱ ትነት ነው። የገንዳው ከበለጠ ያፈሳል። ያኔ ውሃው የት ደርሶ መውረድ እንደሚያቆም ተከታተሉ። ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ እዚያ ከፍታ ላይ ነው፤ የቱቦ መግቢያ ወይም የመብራት ዙሪያ ይሆናል።

ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል

ሳንቲም ያዙና ሴራሚኩን አንድ በአንድ ኳ ኳ አድርጉ። የያዘው ድምፁ ድፍን ነው፤ ያልያዘው እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻል። ባዶውን በጠመኔ አስምሩበት። ይህን ሳታደርጉ ዋጋ አትጠይቁ።

ምክንያቱ ያ አምስት ጉብታ ነው። በጉብታዎቹ መካከል ውሃ ይተኛል፣ ማጣበቂያውን ቀስ በቀስ ይበላል። ሳሎን ወለል ላይ ይህ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ገንዳ ውስጥ አይቆይም። ማጣበቂያው የሴራሚኩን ጀርባ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። ግድግዳውም ይቀባል፣ የሴራሚኩ ጀርባም ይቀባል።

ባዶዎቹ አንድ ጥግ ላይ ከተሰበሰቡ ያንን ጥግ ብቻ ማስነሳት ይበቃል። እዚህም እዚያም ከተበተኑ ግን ቁርጥራጭ ጥገና ገንዘብ መጨረስ ነው። ሁሉም ይነሳ። የአክስቴን ገንዳ ብታሰሉት ወለሉ 50፣ ግድግዳው 45፣ በድምሩ 95 ካሬ ነው። የእጅ ዋጋ ስትነጋገሩ ካሬውን ራሳችሁ ለክታችሁ ቅረቡ።

ግራውቱ እንደ አሸዋ ይፈረፈራል

በሚስማር ጫፍ ጫር አድርጉት። ዱቄት ከሆነ፣ አንዱ ጥርጣሬ ውሃው ነው። ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ከ7.2 በታች ሲቆይ ሲሚንቶውን ይበላል። ከ7.2 እስከ 7.8 መካከል መሆኑን በመለኪያ ወረቀት እዩ። ገንዳውን በአሲድ ማጠብ ልማድ ካደረጋችሁም ተዉት፤ እሱም የሚበላው ግራውቱን ነው።

ሌላው አቦካኩ ነው። ከደብረ ብርሃን ጣርማበርን ወርዶ የመጣ ሠራተኛ የደጋውን ልማድ ይዞ ይመጣል። ብዙ አንድ ላይ ያቦካል። ሮቢት ላይ ባልዲው ውስጥ መድረቅ ሲጀምርበት ውሃ ጨምሮ ያማስላል። ያ ግራውት ሞቷል፤ ውሃ አያስነሳውም። ጥቂት ጥቂት ይቦካ፤ ሥራው ጠዋት በጊዜ ወይም ወደ ማታ ይሁን፤ ላዩ ላይ ጥላ ይወጠር። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ አለ፤ ከ5 ዲግሪ በታች ሲሚንቶ በአግባቡ አይጠነክርም። እዚያ ቀን ተሠርቶ ማታ ይሸፈናል።

ከሲሚንቶ ሳይሆን ከሙጫ የሚሠራው ኢፖክሲ ግራውት አሲድም ክሎሪንም ይችላል። ዋጋው ግን ከበድ ይላል፣ በሙቀት ቶሎ ይደርቃል። ከዚህ በፊት በእጁ ያልሠራበት ሰው በእናንተ ገንዳ አይማርበት።

ስንጥቁ መስመር ይዞ ይሄዳል

ሴራሚኮቹን አቋርጦ የሚሄድ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የኮንክሪቱ ስንጥቅ ነው። ሴራሚክ ሠራተኛ አይደለም፣ መሐንዲስ ጥሩ። ስንጥቁ ወለልና ግድግዳ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ቀላል ነው፤ ጥጉ በግራውት ተሞልቶ ነበር ማለት ነው። ግራውቱ ይውጣና ለገንዳ በተሠራ ሲሊኮን ይሞላ።

ገንዳው መቼ ባዶ ይደረግ?

ክረምት ላይ በፍጹም። በሐምሌና በነሐሴ ከመሬት በታች ያለው ውሃ ከፍ ሲል ባዶ ገንዳን ከሥሩ ገፍቶ ሊያነሳው፣ ሊሰነጥቀውም ይችላል። የአክስቴን ገንዳ ተጭኖ የሚይዘው በውስጡ ያለው 75,000 ሊትር ውሃ ነው። ያንን ስታወጡት የሚጫነው የለም። "አሁን ሥራ ስለሌለኝ በቅናሽ እሠራላችኋለሁ" የሚል በክረምት ይመጣል። ጥቅምትን ጠብቁ።

ሰውየውን ስትመርጡ

የመታጠቢያ ቤት ፎቶ አይበቃም። ከሁለት ዓመት በፊት የሠራውን ገንዳ ያሳያችሁ፤ ሳንቲማችሁን ይዛችሁ ሂዱ። "ከሴራሚኩ በፊት ምን ትሠራለህ?" ብላችሁ ጠይቁት። ስለ ውሃ መከላከያና ውሃ ሞልቶ ስለ መሞከር ካላነሳ ቡናውን ጠጥቶ ይሂድ። ዕቃውን እናንተ ግዙ፣ ባዶ ከረጢቶቹን አስቀምጡ። ክፍያውን በደረጃ ከፋፍሉ። የመጨረሻው ክፍያ ገንዳው ሞልቶ አንድ ወር ከቆየ በኋላ ይሁን። ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። አዲስ ልስን ካለ ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት 28 ቀን ይጠበቅ። ካለቀም በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ውሃ አይግባበት።

አክስቴ ሁለተኛ የቀጠረችው ሰው ሁሉንም አንስቶ ባዶውን ኮንክሪት ውሃ ሞላበት። "እትዬ፣ ሰባት ቀን ይታገሱኝ" አላት። በአራተኛው ቀን ውሃው ወርዶ ወርዶ ከመብራቱ ታችኛው ጠርዝ ላይ ቆመ። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያፈስ የኖረው የመብራቱ ዙሪያ ነበር። አንድም ሴራሚክ ሳይለጠፍ እሱን ደፈነው።