የስንዴ ገለባን በዩሪያ እንዴት ማከም ይቻላል? ለአዳማና አካባቢዋ ከብት አርቢዎች

አዳማ ዙሪያ የጤፍ ጭድና የስንዴ ገለባ እኩል አይታዩም። ጭዱ ለስላሳ ነው፣ ከብት ይወደዋል፣ ቤት የሚመርግ ሰውም ለጭቃ ይሻማበታል። የስንዴው ገለባ ግን ሸካራ ስለሆነ ላሟ ግማሹን በትና ትተወዋለች። ዩሪያ፣ ያው ማዳበሪያው፣ የሚያዋጣው ለዚህኛው ነው። ከ3 እስከ 4 በመቶ ገደማ የሆነው የፕሮቲን መጠኑ፣ በደንብ ከታከመ ወደ 7 ወይም 8 ይጠጋል።

ዩሪያ በእርጥብ ገለባ ውስጥ ወደ አሞኒያ ጋዝ ይለወጣል። ጋዙ የገለባውን ጠንካራ አሰር ያላላል፣ ናይትሮጅንም ይጨምርበታል። ያንን ናይትሮጅን ወደ ፕሮቲን የሚቀይሩት በሚያመሰኩ እንስሳት ጨጓራ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ስለዚህ ለፈረስ፣ ለአህያና ከ6 ወር በታች ላለ ጥጃ አይሰጥም።

ልኬቱ ለ100 ኪሎ ደረቅ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያና 80 ሊትር ውሃ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት ጊዜ ይሞላሉ፤ በእያንዳንዱ 1.25 ኪሎ ዩሪያ ሙልጭ ብሎ እስኪሟሟ ይበጠብጣሉ። በጣሳ አይገምቱ፣ ይመዝኑ። ሌሎቹ ማዳበሪያዎች፣ ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ፣ ዩሪያን አይተኩም።

አንድ ሜትር ኩብ ጉድጓድ ተቆራርጦ የተረገጠ ገለባ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ገደማ ይይዛል። ጎርፍ የማይገባበት ቦታ ይቆፍሩና ወለሉንና ግድግዳውን ፕላስቲክ ያልብሱ። ከዚያ 10 ኪሎ ገለባ ይዘርጉ፣ 8 ሊትር ውህድ በአትክልት ማጠጫ እኩል ያርከፍክፉ፣ ከጠርዝ ጀምረው ይርገጡ፤ ቀጣዩን ይደርቡ። በመሐል አንድ እፍኝ አንስተው ይጭመቁ፤ መዳፍዎ መርጠብ አለበት፣ ውሃ ግን መንጠብጠብ የለበትም። ከተንጠባጠበ ዩሪያው ወደ ታች ወርዶ የላይኛው ገለባ ሳይታከም ይቀራል፣ የታችኛው ደግሞ ከልክ በላይ ይጠጣል።

ሞላሰስ (የስኳር ፋብሪካ ጣፋጭ ተረፈ ምርት) እዚህ ውስጥ አይጨምሩ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ቅርብ ስለሆነ ሐሳቡ ይመጣል፤ ነገር ግን ስኳር ከአሞኒያ ጋር ታሽጎ ሲቆይ ከብትን የሚያስበረግግና የሚያሳብድ መርዝ ይፈጠራል፣ በወተትም ወደ ጥጃው ያልፋል። ለምለም ሆኖ የታጨደ ጥሩ ድርቆሽንም በዚሁ ምክንያት አያክሙ።

ሲሞላ በፕላስቲክ ሸፍነው ጠርዙን አፈር ውስጥ ይቅበሩ፣ ከላይም አፈር ይጫኑበት። የአዳማ ነፋስ የላላ ፕላስቲክ አይምርም። አጠገቡ ቆመው አሞኒያ ከሸተተዎት የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ፈልገው ይድፈኑ። በአዳማ ሙቀት 21 ቀን ይበቃል።

የተሳካለት ገለባ ወርቃማ ቡናማ ይሆናል፣ ይለሰልሳል፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ነጭ ሻጋታ ወይም የብስባሽ ሽታ ካለው አየር ገብቷል፣ ወይም ገለባው ሲገባ ጀምሮ የሻገተ ነበር፤ ያንን ክፍል ይጣሉ። ምንም ካልሸተተ ጋዙ አምልጧል፣ ወይም ዩሪያው አንሷል።

የቀኑን ብቻ አውጥተው መልሰው ይሸፍኑ፣ ያወጡትንም አንድ ሌሊት ያናፍሱ። መጀመሪያ ሩቡን ካልታከመው ጋር ቀላቅለው ይስጡ፤ በ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ እየጨመሩ ያላምዷቸው። የምትታለብ ላም በዚህ ብቻ አትጠግብም፤ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎና ጨው ያስፈልጓታል።

ትልቁ አደጋ የሚመጣው ከታከመው ገለባ ሳይሆን ከተረፈው ውህድ ነው። ጀሪካኑን ክፍት አይተዉት፤ የተጠማ ከብት ይጠጣዋል። ከተንቀጠቀጠ፣ ከተንገዳገደ፣ አረፋ ከደፈቀና ሆዱ ከተነፋ ሐኪም ወዲያው ይጥሩ። ሐኪሙ እስኪደርስ፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ፣ ኮምጣጤ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ አድርገው ያጠጡት።