ኮድና ፎቶ በነፃ ስንሰጥና ስንወስድ የሚሠሩ ስህተቶች

በይፋ የተቀመጠ ነገር ሁሉ የተፈቀደ አይደለም። ስለ ነፃ ሶፍትዌርና ስለ ዲጂታል መብት አጥብቀው የሚከራከሩ ሰዎች ሳይቀሩ ይህን ይዘነጋሉ። ውጤቱ ከሁለት አንዱ ነው፦ በቅን ልብ የተሠራው ሥራ ማንም ሊነካው የማይደፍር ሆኖ ይቀራል፣ ወይም በቅን ልብ የወሰደው ሰው አንድ ቀን የጠበቃ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ከታች ካሉት ስህተቶች የመጀመሪያው ከሁሉም ይከፋል፤ ለዚህ ነው ሰፊውን ቦታ የያዘው።

ኮዱን ያለ ፈቃድ መልቀቅ

አንድ ሰው ለወራት የለፋበትን ፕሮግራም ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበትና የሚጋራበት ድረ ገጽ) ላይ ይጭንና ማብራሪያው ላይ «ክፍት ምንጭ ነው፣ ተጠቀሙበት» ብሎ ይጽፋል። የፈቃድ ፋይል ግን አያስገባም። ምን ችግር አለው የሚሉ ብዙ ናቸው። ችግሩ ይኸውላችሁ። የቅጂ መብት ሥራው በተፈጠረበት ቅጽበት በራሱ ጊዜ ይወለዳል። የቅጂ መብትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ውል፣ የበርን ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. በ1886 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከተፈረመ በኋላ በ1908 በርሊን ላይ ሲሻሻል፣ ጥበቃ ለማግኘት ማስመዝገብም ሆነ ምልክት ማድረግ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። የስምምነቱ መነሻ ልክ ደግሞ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ስለዚህ ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ መብቱ ሁሉ በባለቤቱ እጅ የተያዘ ኮድ ነው። እዚህ ላይ ዝምታ እምቢታ ነው።

«ተጠቀሙበት» የሚለው ቃልስ? መቅዳትን ይጨምራል? አሻሽሎ ማሰራጨትን? መሸጥን? ነገ ሐሳቡን ቢቀይርስ? ይህን ሁሉ ከአንድ ቃል ለመተርጎም ፍርድ ቤት መቆም ያስፈልጋል። ጊትሃብ ላይ መቀመጡም አይረዳም፤ የአገልግሎት ውሉ ለሌሎች ተጠቃሚዎች የሚሰጠው መብት እዚያው ጣቢያ ውስጥ ኮዱን ማየትና ፎርክ ማድረግ (እዚያው የራስን ቅጂ ማውጣት) ነው። አውርዶ በራስ ምርት ውስጥ መክተትን አይጨምርም። በዚህ የተነሳ ጥንቁቅ ድርጅት ኮዱን አይነካውም፣ ዴቢያንን የመሰሉ የሊኑክስ ስርጭቶችም አይቀበሉትም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ባለቤቱ ኢሜይሉን ሲተው ወይም ሲሞት ነው። ፈቃድ የሚሰጥ ሰው ይጠፋል፣ ሁሉም እየፈለገው ማንም ሊያድሰው ሳይችል የበሰበሰ ፕሮጀክት ይሆናል። አንድ ፋይል ብቻ ያድነው ነበር።

ፋይሉን ለማስገባት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በፕሮጀክቱ ዋና ማህደር ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል «ላይሰንስ» የተባለ ፋይል ይፍጠሩ። የመረጡትን ፈቃድ ሙሉ ቃል ከአውጪው ድረ ገጽ ቀድተው ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ ይለጥፉ። የኤምአይቲ ፈቃድ ከሆነ ዓመቱንና የባለመብቱን ስም ይሙሉ፤ ባዶውን ቦታ እንዳለ የሚለቁት ብዙ ናቸው። ከዚያ በእያንዳንዱ የኮድ ፋይል አናት ላይ የኤስፒዲኤክስ (ፈቃዶችን በአጭር ስም የሚለይ መስፈርት) አጭር የፈቃድ መለያ የያዘ አንድ መስመር ያስገቡ። ፋይሎች ከፕሮጀክቱ ተነጥለው ይቀዳሉና ፈቃዱ አብሯቸው መሄድ አለበት።

ምርጫው ያን ያህል አያስጨንቅም። ስሜ ይቆይ እንጂ ማንም እንዳሻው ያድርገው ካሉ ኤምአይቲ፣ የፓተንት (የፈጠራ መብት) ነገር ካሳሰብዎት አፓቺ 2.0፣ የተሻሻለውም ቅጂ ለተጠቃሚው ክፍት ሆኖ ይቆይ ካሉ ጂፒኤል። የተጠቃሚውን መብት አጥብቆ የሚጠብቀው ሦስተኛው ስለሆነ እኔ እሱን አስቀድማለሁ። ሆኖም ማንኛቸውም ከባዶ ይሻላሉ።

የራስን ፈቃድ መፈልሰፍ

ዳግላስ ክሮክፎርድ የጄሶንን (የመረጃ መለዋወጫ ቅርጽ) ኮድ ሲያሰራጭ በኤምአይቲ ፈቃድ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ፦ ሶፍትዌሩ ለበጎ እንጂ ለክፉ አይዋል የሚል። ሐሳቡን ማን ይጠላል? ነገር ግን ክፉው ምን እንደሆነ የሚወስን ስለሌለ፣ የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ፈቃዱን ነፃ አይደለም አለው፤ የአፓቺ ፋውንዴሽንም በ2016 በፕሮጀክቶቹ ውስጥ እንዳይገባ ከለከለ። በታወቀ ፈቃድ ላይ የራስዎን መስመር አይጨምሩ።

ስምና መግለጫ ቆርጦ መጣል

«ኤምአይቲ እኮ ነው፣ እንደፈለጉ ነው» ይባላል። ፈቃዱ የሚያስቀምጠው ግዴታ አንድ ብቻ ነው፦ የቅጂ መብት መግለጫውና የፈቃዱ ቃል ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር እንዲሄዱ። ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ በብዛት የሚጣሰውም ይኸው ነው።

ዋጋውን ለማየት አሜሪካ ውስጥ የታየውን የጃኮብሰንና የካትዘርን ክርክር መመልከት ይበቃል። ጃኮብሰን ሞዴል ባቡሮችን በኮምፒውተር ለመቆጣጠር የሚያገለግል ክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ይመራ ነበር። ተከሳሾቹ ከዚያ ፕሮጀክት የዲኮደር መግለጫ ፋይሎችን ወስደው በሚሸጡት ሶፍትዌር ውስጥ አስገቡ፤ የደራሲዎቹ ስም፣ የቅጂ መብት መግለጫው፣ ፋይሎቹ ከየት እንደመጡና ምን እንደተለወጠባቸው የሚያሳየው ጽሑፍ ግን አብሮ አልገባም። የሥር ፍርድ ቤት ነገሩን እንደ ውል ጥሰት ብቻ ቢያየውም፣ የፌዴራል ሰርኪዩት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነሐሴ 2008 ላይ የፈቃዱ ግዴታዎች ቅድመ ሁኔታዎች ናቸው አለ። ቅድመ ሁኔታውን ያላሟላ ፈቃድ የለውም፤ ስለዚህ የቅጂ መብት ጥሰት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስልዎ። በውል ጥሰት ክስ በነፃ የተሰጠ ነገር «ኪሳራው ምንድን ነው?» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ የቅጂ መብት ከሆነ ግን ሥርጭቱን የሚያስቆም እግድ መጠየቅ ይቻላል።

በተግባር ለሞባይል መተግበሪያ በማስተካከያው ክፍል ውስጥ «የፈቃድ መረጃ» የሚል ገጽ ይክፈቱና የእያንዳንዱን ላይብረሪ (ከሌላ ተወስዶ የገባ ዝግጁ ኮድ) ስምና ሙሉ የፈቃድ ቃል ያስገቡ። ድረ ገጽ ከሆነ ደግሞ ጃቫስክሪፕቱን የሚያጨምቀው መሣሪያ ኮሜንቶችን (ኮዱ ውስጥ ያሉ ማስታወሻዎችን) ሲያጠፋ የፈቃድ መግለጫውንም ጠርጎ ይሄዳል፤ ሳያውቁ መጣስ የሚመጣው እዚህ ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች በስላሽ፣ በኮከብና በቃለ አጋኖ የሚጀምር ኮሜንትን ይተዋሉ። መግለጫው በዚያ መልክ መጻፉን፣ ከተጨመቀ በኋላም መኖሩን ከፍተው ይዩ።

ጂፒኤልን በወሬ ማወቅ

መሸጥ አይከለክልም። ለራስዎ ያሻሻሉትንም ለዓለም እንዲያወጡ አያስገድድም፤ ግዴታው የሚጀምረው ለሌላ ሰው ሲያስተላልፉት ነው። ሲያስተላልፉ ግን ባይነሪውን (ኮምፒውተሩ የሚያሄደውን ቅጂ) ብቻ መስጠት አይቻልም። በ1991 የወጣው ሁለተኛው ቅጂ ሁለት ዋና አማራጮችን ያስቀምጣል፦ ሶርስ ኮዱን (ፕሮግራመሩ የጻፈውን ዋና ጽሑፍ) አብሮ መስጠት፣ ወይም ለማንኛውም ጠያቂ ከማባዣ ወጪ በማይበልጥ ክፍያ እንደሚሰጡ ቢያንስ ለሦስት ዓመት የሚጸና የጽሑፍ ቃል ማያያዝ።

እዚህ ላይ ዕቃ አምራቾች የሚሠሩት ስህተት አለ። «ሶርሱ እዚያ ነው» ብለው ወደ ዋናው የሊኑክስ ድረ ገጽ ይመራሉ። አይሆንም። የሚፈለገው ዕቃው ውስጥ ያለውን ያንኑ ባይነሪ የሚያስገኘው ሶርስ ነው፤ የራስዎን ለውጦችና የመገንቢያ ስክሪፕቶቹን ጨምሮ። ስለዚህ ምርት በወጣ ቁጥር የዚያን ቀን ሙሉ ሶርስ በአንድ ማህደር አሽገው፣ የቅጂውን ቁጥር ጽፈው ያስቀምጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ መፈለግ ከጀመሩ አያገኙትም። ፍርድ ቤቶችም እንደ ቀልድ አያዩትም። በ2004 የሙኒክ ፍርድ ቤት ኔትፊልተር ከተባለው የሊኑክስ ፋየርዎል ፕሮጀክት ሃራልድ ቬልቴ ባቀረበው አቤቱታ አንድ የኔትወርክ ዕቃ አቅራቢ ጂፒኤልን እስካላከበረ ድረስ ሶፍትዌሩን እንዳያሰራጭ የጣለውን እግድ አጽንቷል።

ሶፍትዌሩ በሰርቨር ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ጂፒኤል ብዙም አይደርስበትም፤ ለዚያ የተሠራው ኤጂፒኤል ነው። አሻሽለው በኔትወርክ ለሰው ካቀረቡት፣ ለሚጠቀሙት ሰዎች ሶርሱን የሚያገኙበትን መንገድ ማሳየት ግዴታዎ ነው። ሌላው፣ የአፓቺ 2.0 ኮድን ሁለተኛውን ቅጂ ብቻ ከሚፈቅድ ጂፒኤል ጋር አይቀላቅሉ፤ ከሦስተኛው ጋር ግን ይስማማል።

ከስታክ ኦቨርፍሎው መገልበጥ

በዚህ የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ላይ ያሉት መልሶች ፈቃድ አላቸው፣ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ባይ ኤስኤ (ስም ጠቅሶ፣ የተሻሻለውንም በዚያው ፈቃድ ማጋራት)። ከሚያዝያ 8 ቀን 2011 በፊት የተጻፈው 2.5፣ ከዚያ እስከ ግንቦት 2 ቀን 2018 ድረስ 3.0፣ ከዚያ ወዲህ 4.0 ነው (ቀኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር)። ሐሳቡን ተረድተው በራስዎ እጅ ቢጽፉት የተሻለ ነው፤ ካልሆነ አድራሻውንና የጸሐፊውን ስም ኮሜንት ውስጥ ያኑሩ፣ ፈቃዱ ከፕሮጀክትዎ ፈቃድ ጋር መስማማቱንም ያረጋግጡ።

«ምንጭ፦ ኢንተርኔት»

ከፎቶ ሥር ይህን መጻፍ ማንንም አይጠቅስም። በክሪኤቲቭ ኮመንስ የተለቀቀ ፎቶ ሲጠቀሙ የሥራውን ርዕስ፣ የባለቤቱን ስም፣ ወደ መጀመሪያው ገጽ የሚወስድ ሊንክና የፈቃዱን ስም ከነቅጂ ቁጥሩና ከነሊንኩ ይጻፉ። ከቆረጡት ወይም ቀለሙን ከለወጡት እሱንም ይግለጹ። ቅጂ ቁጥሩ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በ2013 የወጣው 4.0 ጥሰቱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከሉ መብትዎን ይመልስልዎታል። 3.0ና ከዚያ በፊት ያሉት ግን ግዴታው በተጣሰበት ቅጽበት ይቋረጣሉ፤ ፎቶ በነፃ ለቆ ስሙን በትክክል ያልጻፈውን ሁሉ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የሚጠቀመው ይህን ቀዳዳ ነው።

«ለንግድ አይሁን» የሚለው ገደብ የሚመለከተው የተጠቃሚውን ማንነት ሳይሆን አጠቃቀሙን ነው፤ በጎ አድራጎት ድርጅት ስለሆኑ ብቻ ነፃ አይወጡም። ኮድ በክሪኤቲቭ ኮመንስ አይልቀቁ፤ ድርጅቱ ራሱ አይመክርም፣ ስለ ሶርስ ኮድ የሚለው የለም፣ የፓተንት መብትም አይሰጥም።

ፈቃድን በኋላ እለውጠዋለሁ ማለት

የሌሎችን ኮድ ከተቀበሉ በኋላ ብቻዎን ባለቤት አይደሉም። የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚያመሰጥረው ኦፕን ኤስኤስኤል ፈቃዱን ለመለወጥ ማሰቡን በ2015 አስታውቆ፣ በአፓቺ 2.0 ሥር የወጣው ቅጂ 3.0 የተለቀቀው በ2021 ነው። መሃል ላይ ያለፈው ጊዜ ለዓመታት ኮድ ያዋጡትን ሰዎች እየፈለጉ ማስፈቀድን ይጠይቅ ነበር። ፈቃዱን ከመጀመሪያው ያስቡበት፤ የሌላ ሰው የመጀመሪያ ኮድ ከመግባቱ በፊትም የአስተዋጽኦ ደንብ ይጻፉ። ተቀጥረው የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ኮዱ የእርስዎ መሆኑን የሥራ ውልዎን ከፍተው ይመልከቱ።

ደብዳቤ ሲመጣ መደበቅ

የጥሰት ማስታወቂያ የደረሰው ሰው ብዙ ጊዜ ፕሮጀክቱን አጥፍቶ ዝም ይላል። ይህ ጉዳዩን ያባብሰዋል። ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ይመዝግቡ፣ ሥርጭቱን ያቁሙ፣ የጎደለውን መግለጫ ወይም ሶርስ ያሟሉ፣ መሟላቱንም በጽሑፍ ያሳውቁ። በጂፒኤል ሦስተኛው ቅጂ መሠረት ከዚያ ባለመብት ማስታወቂያ ሲደርስዎ የመጀመሪያዎ ከሆነና በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከሉ መብትዎ በቋሚነት ይመለሳል። ሁለተኛው ቅጂ እንዲህ ያለ የጊዜ ገደብ ስለሌለው ከባለመብቱ ጋር ተነጋግረው መብትዎ መመለሱን የሚገልጽ ጽሑፍ ይቀበሉ፤ ገንዘብ ከተጠየቁ ግን ከመክፈልዎም ከመፈረምዎም በፊት ጠበቃ ያማክሩ።