የትዳር ጓደኛ ሲከስር የራስን የግል ንብረት ከዕዳ እንዴት መጠበቅ ይቻላል

ባለቤቴ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነበር። ንግዱ ከስሮ ገንዘብ ጠያቂዎቹ ፍርድ ቤት ሲቆሙ፣ ከእናቴ የወረስኩትን ቤት ሸጬ የገዛሁት አፓርታማም አብሮ ታገደ። ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ የእኔ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ግን ሰነድ ነው። የምጽፈው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ በሚሠራው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት ነው፤ ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው እዚያ ያሉ አንባቢዎች የክልላቸውን ሕግ ያመሳክሩ።

በመጀመሪያ የግልዎ የሆነውን ከጋራው ይለዩ። በሕጉ አንቀጽ 57 መሠረት በጋብቻ ቀን የነበረዎት፣ ከጋብቻ በኋላም በውርስ ወይም በስጦታ ያገኙት ንብረት የግልዎ ነው። ነገር ግን ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢ የጋራ ነው፤ የወረሱት ቤት የግልዎ ቢሆንም ኪራዩ የሁለታችሁ ነው። ካርታው ወይም ሊብሬው በስምዎ መሆኑም አያስተማምንም፤ በአንቀጽ 63 መሠረት በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት እንኳ፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ የወራሽነት ማረጋገጫውን፣ የስጦታ ውሉንና ከጋብቻ በፊት የተሰጡ ሰነዶችን በአንድ ማኅደር ያኑሩ።

ቀጥሎ የሚመጣው እኔን የጣለኝ ነው። የግል ንብረትዎን ሸጠው ወይም ለውጠው ሌላ ንብረት ቢገዙ፣ አዲሱ ንብረት በራሱ የግል አይሆንም። አንቀጽ 58 የግል የሚሆነው ከተጋቢዎቹ አንዱ ጠይቆ ፍርድ ቤት ሲወስን ነው ይላል። ማመልከቻው ብዙ የሚያስቸግር አይደለም፤ የወራሽነት ማረጋገጫው፣ የሽያጭና የግዢ ውሎቹ፣ የገንዘቡንም ጉዞ የሚያሳይ የባንክ ስቴትመንት ይያያዛል። እኔ ግን «ባልና ሚስት ሆነን በምን ምክንያት ፍርድ ቤት እንሄዳለን?» ብዬ ተውኩት።

ሌላም ስህተት ሠራሁ። የእናቴ ቤት የተሸጠበትን ብር የሱቁ ገቢ በሚገባበት የባንክ ሒሳብ አስገባሁት። ከሦስት ወር በኋላ የአፓርታማው ክፍያ ከዚያው ሒሳብ ወጣ። ዳኛው ስቴትመንቱን ዘርግተው «የትኛው ብር ነው የእናትዎ?» ሲሉኝ፣ በመሐል የሲሚንቶና የብረት ሽያጭ ተደራርቦበት ስለነበር ለይቼ ማሳየት አልቻልኩም። የውርስ ገንዘብ በስምዎ ብቻ በተከፈተ፣ ሌላ ብር በማይገባበት ሒሳብ ይቀመጥ፤ ግዢውም ከዚያው በቀጥታ ይከፈል።

አዲሱ ንብረት የግል ነው የሚለውን የፍርድ ቤት ውሳኔ ካገኙ በኋላ ለአበዳሪዎች በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የደረሰኝ ፊርማ ያለበትንም ቅጂ ያስቀሩ። ሦስተኛ ወገን ንብረቱ የግል መሆኑን ካላወቀና ማወቅም ይገባው ካልነበረ፣ የግል ነው የሚለው ክርክር በእርሱ ላይ አይሠራም። ይህን የሚመክር ሰው አላጋጠመኝም፤ እኔ ግን ብድሩ ከመፈረሙ በፊት መደረግ አለበት እላለሁ።

ሲፈርሙም ይጠንቀቁ። የአንዱ ዕዳ በመጀመሪያ ከባለ ዕዳው የግል ሀብት፣ ያ ሲታጣ ከጋራው ይከፈላል እንጂ ወደ ሌላው የግል ንብረት አይሄድም። ለትዳር ጥቅም የተገባ ዕዳ ከሆነ ግን የሁለቱም የግል ንብረት ይነካል። ወረቀቱ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ካዩ፣ የሚፈርሙት ለስምምነት ብቻ ሳይሆን ዕዳውን በራስዎ ላይ ለመውሰድ ነውና አንብበው፣ ጠበቃ አማክረው ይወስኑ።

አንዳንድ ደላላ «ሁሉንም በስጦታ ወደ ሚስትህ አዙር» ይላል። ዕዳ ከመጣ በኋላ እንዲህ ማድረግ ገንዘብ ጠያቂን ማጭበርበር ነው፤ ስጦታው ሊፈርስ ይችላል፣ እውነተኛው የግል ንብረትዎም አብሮ ይጠረጠራል። በጋብቻ ውስጥ በባልና ሚስት መካከል የሚደረግ ውልም ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም።

ንብረቱ ከተያዘ በኋላ የሚቀረው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 418 መሠረት፣ መያዣውን ላዘዘው ፍርድ ቤት ተቃውሞ ማቅረብ ነው። ሐራጅ ሳይወጣ ይቅረብ፤ ንብረቱ በተያዘበት ቀን መብትዎ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃም ይያያዝ። እኔ በዚህ መንገድ አባቴ በውልና ማስረጃ በተመዘገበ የስጦታ ውል የሰጠኝን መኪና አስለቀቅኩ። አፓርታማው ግን በሐራጅ ተሸጠ።