የሬኪ ቃላት ስንጠራ የምንሳሳታቸው

ሬኪ (እጅ በማሳረፍ የሚሰጥ የጃፓን የፈውስ ልምምድ) የሚማር ሰው የጃፓንኛ ቃላቱን ብዙ ጊዜ የሚያገኛቸው በላቲን ፊደል ተጽፈው ነው። ጣጣው የሚጀምረው እዚያው ነው። ዓይን ላቲን ሲያይ አፍ ወደ እንግሊዝኛ ይሄዳል። እኔ ራሴ መሥራቹን ለረጅም ጊዜ «ዩሱዪ» ስላቸው ኖሬአለሁ። ሚካኦ ኡሱይ ናቸው (1865–1926 እ.ኤ.አ.)። ኡ፣ ሱ፣ ኢ፤ በቃ። ሬኪን የጀመሩት በ1922 ኪዮቶ አጠገብ ባለው ኩራማ ተራራ 21 ቀን ሱባኤ ይዘው እንደሆነ ይተረካል።

«ር»ን መጠቅለል። «በሬ» በሉ እስቲ። ምላሳችሁ ላንቃችሁን መታ አድርጎ ተመለሰ አይደል? የ«ሬኪ» ሬም እሷው ናት፣ ትንሽ ሳብ ብቻ አድርጓት። «ራይኪ»ም «ሪኪ»ም አይደለም።

ረጅሙን ድምፅ ማሳጠር። አማርኛ ተናጋሪን በጣም የሚጥለው ይሄ ነው። እኛ ጋ አናባቢ ቢረዝም ቢያጥር የቃሉ ትርጉም አይለወጥም። ጃፓንኛ ላይ ግን «ኦጂሳን» አጎት ነው፣ «ኦጂኢሳን» አያት። አንዷን ኢ ስትውጡ አያትየውን አጎት አደረጋችኋቸው። «ሾኦ»፣ «ኮኦ»፣ «ምዮኦ» ሁሉም ይረዝማሉ፤ ስለዚህ የማስተሮቹ (የሬኪ አስተማሪዎቹ) ምልክት «ዳይ ኮኦ ምዮኦ» ነው።

«ምዮ» ራሷ ሌላ ወጥመድ አላት። «ሚዮ» ብላችሁ ለሁለት አትክፈሏት። ልዩነቱ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፦ «ብዮኦኢን» ሆስፒታል ነው፣ «ቢዮኦኢን» የሴቶች ፀጉር ቤት። በሬኪ እጅ ሕመም ያለበት ቦታ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ስሜት «ብዮኦሴን» ይባላል። መነሻዋ «ብዮኦ» የሆስፒታሉ ናት፤ ሕመም ማለት ነው።

የሚጠብቀውን ማላላት። መዳፍና መዳፍ ገጥሞ መቀመጥ «ጋሾኦ» ይባላል። ሾ ትጠብቃለች። ፊደላችን ይህን አያሳይም፣ አፋችን ግን ያውቀዋል። «ገና» በዓሉ ሲሆን ና ይጠብቃል፣ «ገና አልመጣም» ስንል ይላላል። ጋሾኦን እንደ በዓሉ አጥብቋት። እንግሊዝኛ ተናጋሪ እዚህ ጋ ይቸገራል፣ እኛ ምን አስቸገረን?

ጉሮሮ ማፈንዳት። ጃፓንኛ ጭ፣ ጽ፣ ቅ የሚባል ነገር የለውም። ከሬኪ ምልክቶች አንዱ «ቾኩ ሬ» እንጂ «ጮቁ ሬ» አይደለም። «ሃትሱሬ» የሚለውን (የሬኪ የተመስጦ ልምምድ ነው) «ሃፁሬ» ብሎ መጻፍም ያምራል፣ ግን ያሳስታል። ትና ስን አንድ ላይ ለስለስ አድርጋችሁ ልቀቁ። (ሱናሚን ስንወስድ ያቺን ት ጭራሽ ጥለናታል።)

ያለ ቦታው መቁረጥ። ቾኩ ሬን ብዙዎች «ቾ፣ ኩ፣ ሬ» እያሉ ሦስት ቦታ ይቆራርጡታል። የተጻፈው በሁለት የቻይና ምልክት ነው፦ ቾኩ እና ሬ። ሌላው ምልክት «ሆን ሻ ዜ ሾኦ ኔን» ግን በእርግጥም አምስት ነው። ራስን በእጅ እየጠረጉ የማጥራት ልምምድ «ኬን-ዮኩ» ነው። እኛ ኝ ስላለን ሳናስበው «ኬኞኩ» እንላለን። ን ላይ ቆም በሉ።

የተጻፈውን ሁሉ ማንበብ። አምስቱ የሬኪ መመሪያዎች «ክዮኦ ዳኬ ዋ» ብለው ይጀምራሉ፤ ለዛሬ ብቻ ማለት ነው። ዋ በጃፓንኛው ፊደል የምትጻፈው በ«ሃ» ነው፣ የምትነበበው ግን «ዋ» ተብላ። «ካንሻ ሽቴ» (አመስግነህ) ላይ ደግሞ የ«ሺ» ኢ ልትጠፋ ትቃረባለች። የኛ ሳድስ «ሽ» ልክ ናት።

«ክዮኦ ዳኬ ዋ»ን ወዲያው የሚከተለው «ኦኮሩ ና» ነው፣ አትቆጣ። ለአማርኛ ጆሮ የመጨረሻዋ ፊደል ሰው የምትጠራ ትመስላለች። እዚያ ግን የምትከለክለው እሷ ናት።