የቡችላ ሕመም ግራ ሲያጋባ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ትናንት ጫማ ሲጎትት የዋለ ቡችላ ዛሬ ጥግ ይዞ ተኝቷል፤ ሲጠሩት ጆሮውን አያነሣም፣ ምግቡንም አሽትቶ ይተወዋል። ይህ ምልክት ብቻውን ብዙ አይነግርዎትም። ወስፋትም፣ የመዥገር በሽታም፣ ፓርቮ የተባለው የአንጀት ቫይረስም፣ መርዝም አጀማመራቸው ይኸው ነው። ስለዚህ ከመርፌው በፊት መለየት ይቀድማል። ይህን አጥብቄ የምለው እዚህ ባሕር ዳር ለከብት የተዘጋጀ መድኃኒት ለታመመ ውሻ በግምት ሲወጋ ደጋግሜ ስላየሁ ነው።

ከመንካትዎ በፊት

ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ መንጋጋው ከተንጠለጠለ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ጠባዩ ድንገት ከተለወጠ እጅዎን አፉ ውስጥ አይክተቱ። ሐይቅ ዳር የቀረሶና የአምባዛ አጥንት ለውሻ ስለሚጣል ሰው ሁሉ «አጥንት ተሰነቀረበት» ብሎ አፉን ሊፈለቅቅ ይሮጣል። አጥንት ሊሆን ይችላል፤ ግን የእብድ ውሻ በሽታም እንዲሁ ይታያል፣ ቡችላንም ይይዛል። ለብቻው ዘግተውበት ሐኪም ይጥሩ። የነከሰው ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ፤ የምርመራ ውጤት አይጠብቅ። በሽታው ሰው ላይ ምልክት ካሳየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፣ ክትባቱ በጊዜ ሲሰጥ ግን ይከላከለዋል።

ይህ ከሌለ ከንፈሩን ገልበው ድዱን ይዩ። የጤነኛ ቡችላ ድድ ሮዝና እርጥብ ነው፤ በጣት ጫን ብለው ሲለቁት ይነጣና ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ቀለሙ ይመለሳል። ድዱ በተፈጥሮው ጥቁር ከሆነ የታችኛውን የዐይን ቆብ ሳብ አድርገው ውስጡን ይዩ። ከዚያ ቴርሞሜትር ቫዝሊን ቀብተው በፊንጢጣው ይለኩ፤ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ደህና ነው። አፍንጫው ደረቀ ወይም ራሰ ብሎ መፍረድ አያዋጣም። የሽንቱንና የሰገራውን ቀለም ይጻፉት፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው።

ምልክት፦ ይሻለዋል፣ ደግሞ ይወድቃል፤ ትኩሳት አለው፣ ድዱ ነጥቷል

ሰው ከሁሉ በላይ የሚሸወደው በዚህ ነው። አንዲት የሽምብጥ ጎረቤቴ ያሳደገችው ቡችላ ቪታሚን ሲወጋ ለጥቂት ቀን ይሯሯጥና ተመልሶ ይተኛ ነበር። ሁሉም «ምግብ አልተስማማውም» አለ። የጆሮውን ጫፍ ገልበጥ አድርገን ስናይ በእጥፋቱ ውስጥ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ መዥገሮች ተደርድረዋል፤ በእግር ጣቶቹ መካከልም እንዲሁ። ጀርባውን ብቻ የሚዳስስ ሰው አያገኛቸውም።

ቡናማው የውሻ መዥገር ሁለት ዋና በሽታ ያስተላልፋል። ባቤዥያ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል፤ ድድ ይነጣል ወይም ይቢጫል፣ ሽንት ቀይ ወይም ቡናማ ይሆናል። ኤርሊኪያ ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ይገባል፤ ትኩሳት ያመጣል፣ ደም የሚያረጉትን ፕሌትሌቶች ይቀንሳል፤ ሆዱ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ወይም ነስር ሊታይ ይችላል። ከመጀመሪያው ትኩሳት በኋላ ለወራት ሊደበቅም ይችላል። «ዳነ» የተባለው ውሻ ተመልሶ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሄው የሚጀምረው ከደም ምርመራ ነው። ከጆሮ ጫፍ የተወሰደ ጠብታ ደም በስላይድ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ወባ የሚመረመርበት መንገድ ነው፣ ለባለሙያ አዲስ ነገር አይደለም። ባቤዥያ በዚህ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ኤርሊኪያ ግን በስላይድ ላይ አለመታየቱ የለም ማለት ስላልሆነ የፕሌትሌት ቆጠራ እንዲሠራ ይጠይቁ። ኤርሊኪያ ከሆነ መድኃኒቱ ዶክሲሳይክሊን ነው፣ በክብደት ተለክቶ ለ28 ቀን። ቡችላው በሁለተኛው ቀን ተነሥቶ ሊጫወት ይችላል፤ ያን አይቶ ማቋረጥ በሽታውን መልሶ መጥራት ነው። ለባቤዥያ ኢሚዶካርብ ይሰጣል። ለከብት ገንዲ የሚወጋው ዲሚናዚንም ለውሻ ያገለግላል፣ ሆኖም በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው፤ ሲበዛ አንጎል ይጎዳል። ስለዚህ ቡችላው ሚዛን ላይ ሳይወጣ ማንም መርፌ አይውጋው። መኝታውንና የግድግዳውን ስንጥቅ ካላጸዱም መዥገሩ ይመለሳል፤ አንዲቷ እናት መዥገር በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች።

ምልክት፦ ትውከት፣ ደም የተቀላቀለበትና ክፉ የሚሸት ተቅማጥ

ከ6 ሳምንት እስከ 6 ወር ባለ፣ ክትባቱን ባልጨረሰ ቡችላ ላይ መጀመሪያ ፓርቮን ይጠርጥሩ። ቫይረሱን በቀጥታ የሚገድል፣ በየክሊኒኩ የሚገኝ መድኃኒት የለም፤ ቡችላውን የሚያተርፈው በደም ሥር የሚገባው ፈሳሽ ነው። አንድ ሌሊት ማሳደር ልዩነት ያመጣል፣ «ጠዋት እናያለን» አይበሉ። ከሌሎች ውሾች ይለዩት፣ ወለሉን አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጠው ይጠቡ።

ምልክት፦ ሆዱ ተነፍቶ ጎኑ ይቆጠራል

ብዙ ጊዜ ወስፋት ነው። ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለና በወተቷ ስለሚተላለፍ ከቤት ያልወጣ ቡችላም ይይዘዋል። ሰገራው ጠቁሮ ድዱ ከነጣ መንጠቆ ትል ሊሆን ይችላል። ከ2 ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ የትል መድኃኒት፣ ለምሳሌ ፓይራንቴል፣ ይሰጣል። ቤት የተረፈ የሰው አልቤንዳዞል አይስጡት፤ የውሻን መቅኔ ሊጎዳ ይችላል። ትሉ ለሕፃናትም ስለሚተርፍ እጃቸውን ያስታጥቧቸው።

ምልክት፦ ጣና ዳር ውሎ መጥቶ ድንገት ታመመ

ውሃው ላይ አረንጓዴ አረፋ ወይም ቅባት የመሰለ ነገር ከነበረ መርዛማ አልጌ ሊሆን ይችላል፤ ጣና ላይ ይህ ዓይነቱ አልጌ ተመዝግቧል። ጸጉሩን ሳይልስ በንጹሕ ውሃ አጥበው ወዲያው ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ዐይኑና ድዱ ቢጫ ከሆነ፣ አይጥ የሚበዛበት ረግረግ ውስጥም ከዋለ ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለውን የባክቴሪያ በሽታ ለሐኪሙ ያንሡለት፤ በሽንቱ ወደ ሰው ስለሚተላለፍ ጓንት ያድርጉ። ገትሮት በትንሽ ድምፅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መንገድ ላይ መርዝ የተቀባ ሥጋ በልቶ ሊሆን ይችላል፤ በጨለማና በጸጥታ ሸፍነው ያድርሱት። ወተት አያጠጡት፣ ለማስታወክም አይሞክሩ።

የት ልሂድ?

ባሕር ዳር የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ፤ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ይገኛል። ትኩስ ሰገራ በንጹሕ ዕቃ፣ ከሰውነቱ የተነቀለ መዥገር በብልቃጥ፣ የተጻፈ የትኩሳት መዝገብ ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙን «የትኛውን በሽታ ነው የጠረጠሩት? በምን ምርመራ እናረጋግጠው?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ፤ የሰጠውን መድኃኒት ስምና መጠንም ያጽፉ። እስከዚያው ፓራሲታሞልም አይቡፕሮፌንም አይስጡት፤ ሁለቱም ውሻን ሊመርዙ ይችላሉ።

ምክንያቱ ሳይታወቅ ከሞተ ሬሳው በጓንት ተይዞ በዚያው ቀን ላቦራቶሪ ይድረስ። ከአንድ እናት ተወልደው በየሰፈሩ የተሰጡ ወንድሞቹና እኅቶቹ በውጤቱ ሊተርፉ ስለሚችሉ ለወሰዷቸው ሰዎች ደውለው ይንገሯቸው። ፓርቮ ከሆነም ቫይረሱ አፈር ውስጥ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላልና ያልተከተበ ቡችላ ወደዚያ ግቢ አያስገቡ።