የምድር ቤት ውሃ ማስወጫ ፓምፕ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ እስከ ጥገናው

በምድር ቤት ወለል ዝቅተኛ ቦታ ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የሚሰርገውን ውሃ ወደ ውጭ የሚገፋው ፓምፕ የሚታወሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ወለሉ ውሃ ሲይዝ ነው። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው ፍርድ «ሞተሩ ተቃጥሏል» የሚል ቢሆንም፣ በእኔ እምነት ሞተሩ መጠርጠር ያለበት ከሁሉም መጨረሻ ነው። አንድ ጊዜ ፓምፑን በሌሊት አውጥቼ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትቼ ከመረመርኩት በኋላ፣ ጥፋቱ የተንሳፋፊው ገመድ ማስወጫ ቧንቧው ላይ ተጠምጥሞ መቅረቱ ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ ማላቀቁ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ከዚያ ወዲህ ኤሌክትሪኩን፣ ተንሳፋፊ ማብሪያውን፣ ቧንቧውንና ቫልቩን ሳልመረምር የፓምፑን አካል አልፈታም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ውሃው ሶኬት ወይም የኤክስቴንሽን ገመድ ከነካ ወደ ክፍሉ መግባት አይገባም፤ ኃይሉ ደረቅ ቦታ ላይ ቆሞ ከዋናው ብሬከር መቋረጥ አለበት። ጉድጓዱ ውስጥ እጅ ከመግባቱ በፊትም ስፒናው መነቀሉ በዓይን መታየት ይኖርበታል። ፓምፑ ከጉድጓዱ የሚወጣው በእጀታው ወይም በታሰረለት ገመድ እንጂ በኤሌክትሪክ ሽቦው ተጎትቶ አይደለም፤ በሽቦው ከተጎተተ፣ ሽቦው ወደ ሞተሩ የሚገባበት ማሸጊያ ይላላና ውሃ ያስገባል።

ውሃው ሞልቷል፣ ፓምፑ ግን አይነሳም

በመጀመሪያ ሶኬቱ ኃይል እንዳለው በሌላ ዕቃ፣ ለምሳሌ በመብራት፣ ያረጋግጡ። ኃይል ከሌለና ብሬከሩ ወርዶ ካገኙት አንድ ጊዜ ብቻ ይመልሱት፤ ዳግም ከወረደ ደጋግሞ ማንሳቱ አደጋ ስለሆነ፣ ከታች ስለ ብሬከር ወደተጻፈው ይለፉ።

ኃይል ካለ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ተንሳፋፊው ነው። ተንሳፋፊው ውሃው ሲሞላ አብሮ ከፍ ብሎ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝ፣ ውሃው ሲወርድ ደግሞ የሚያቋርጥ ማብሪያ ሲሆን፣ ዘወትር ከፍ ዝቅ ሲል ስለሚኖር ከሌሎቹ ክፍሎች ቀድሞ ያረጃል። በገመድ የታሰረው ዓይነት ለመወዛወዝ ሰፊ ቦታ ስለሚፈልግ በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ግድግዳው ይይዘዋል፤ በቀጥታ ዘንግ ላይ የሚንሸራተተው ዓይነት ቦታ ባይፈጅም፣ ዘንጉ ላይ ዝቃጭ ሲጋገርበት ባለበት ይቀራል። ፓምፑ በገዛ ንዝረቱ ቀስ በቀስ ወደ ግድግዳው ሊጠጋ ስለሚችል፣ ሲገጠም ነጻ የነበረ ተንሳፋፊ ከወራት በኋላ ተይዞ ቢገኝ አያስገርምም።

ተንሳፋፊውን በደረቅ እንጨት ቀስ ብለው ከፍ ያድርጉት። ፓምፑ ከተነሳ ማብሪያው ደህና ነው፤ የሚቀረው ተንሳፋፊውን የያዘውን ነገር ማስወገድና ፓምፑን ወደ ጉድጓዱ መሐል መመለስ ነው። ካልተነሳና የፓምፑ ስፒና የተሰካው በተንሳፋፊው ስፒና ጀርባ ላይ ከሆነ፣ ሁለቱን ነጣጥለው የፓምፑን ስፒና በቀጥታ ሶኬቱ ላይ ይሰኩት። ተነስቶ ውሃውን ከገፋ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ የሚቀየረውም ማብሪያው ብቻ ነው። በዚህ ሙከራ ጊዜ ፓምፑን የሚያጠፋው ማንም ስለሌለ፣ ውሃው ሲያልቅ ስፒናውን ለመንቀል አጠገቡ መቆም ያስፈልጋል፤ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ውሃ ነውና በደረቁ ሲዞር ይግላል።

በርካታ ፓምፖች ሞተሩ ከልክ በላይ ሲግል የሚያጠፋው፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በራሱ የሚመልሰው መከላከያ አላቸው። ስለዚህ ሞቷል የተባለ ፓምፕ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ቢነሳ ተአምር አይደለም። ለምን እንደጋለ ግን መጠየቅ ግድ ነው፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ቀጥሎ ካሉት ችግሮች በአንዱ ውስጥ ይገኛል።

ያጉረመርማል፣ ነገር ግን አይዞርም

ይህን ድምፅ እንደሰሙ ስፒናውን ወዲያው ይንቀሉ፤ ለመዞር እየታገለ ያልቻለ ሞተር ከተለመደው በላይ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ እውነተኛው መቃጠል የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዋነኛው መንስኤ ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ፣ ማለትም ኢምፔለሩ፣ በጠጠር፣ በፀጉር ወይም በክር መያዙ ነው። ፓምፑን አውጥተው፣ ገልብጠው፣ ከሥሩ ያለውን ወንፊት በካቻቪቴ ይፍቱና ኢምፔለሩን በጣት ያዙሩት። በቀላሉ መዞር አለበት፤ አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ካንገራገረ ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው። በነጻነት እየዞረ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ግን የሚያጉረመርም ከሆነ የሚጠረጠረው የማስነሻ ካፓሲተሩ፣ ማለትም ሞተሩን ለማስነሳት ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚለቀው ዕቃ፣ ነው። ካፓሲተር ኃይሉ ከተቋረጠም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ በባዶ እጅ አይነካም፤ በታሸገው የሞተር ክፍል ውስጥ ያለ ከሆነም ከመክፈት ይልቅ ፓምፑን መቀየር ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ረጅምና ቀጭን ኤክስቴንሽን መጠቀምም ቮልቴጁን አውርዶ ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳይ፣ ምንም ከመፍታት በፊት ፓምፑን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰክቶ መሞከር ይገባል።

ጽዳቱ እንዳለቀ ፓምፑን በጠጠር ወይም በጭቃ ላይ አያስቀምጡት። ጠፍጣፋ ጡብ ከሥሩ ማድረግ ይበቃል።

ይዞራል፣ ውሃ ግን አያወጣም

ይህ በጣም የሚያታልል ምልክት ነው፤ ድምፁ ጤነኛ፣ ውሃው ግን ንቅንቅ የማይል። ፓምፑ ወጥቶ ከተመለሰ ወይም ጉድጓዱ ለረጅም ጊዜ ደርቆ ከቆየ በኋላ ከታየ፣ መንስኤው ኢምፔለሩ ዘንድ ታፍኖ የቀረ አየር ሊሆን ይችላል። ከላይ ያለው ቼክ ቫልቭ፣ ማለትም የወጣው ውሃ ወደ ጉድጓዱ እንዳይመለስ የሚያግደው መዝጊያ፣ በውሃው ክብደት ስለተዘጋ አየሩ መውጫ የለውም፤ ኢምፔለሩም አየር እየመታ ይዞራል። መፍትሄው በፓምፑና በቫልቩ መካከል ባለው ቧንቧ ላይ፣ ከጉድጓዱ ክዳን በታች፣ 3 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ቀዳዳ ወደ ታች አዘንብሎ መብሳት ነው። ፓምፑ ሲሠራ ከቀዳዳው የሚረጨው ቀጭን ውሃ ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ስለሚወድቅ ብልሽት መስሎዎት እንዳይደፍኑት። አንዳንድ ፓምፖች ይህ ቀዳዳ ከፋብሪካ ስላላቸው መጀመሪያ እሱ አለመደፈኑን ይመልከቱ።

አዲስ የተገጠመ ቫልቭ ካለ ላዩ ላይ ያለው ቀስት ከፓምፑ ወደ መውጫው ማመልከቱን ያረጋግጡ፤ ተገልብጦ የተገጠመ ቫልቭ አንዲት ጠብታ አያሳልፍም። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የቧንቧው ውጫዊ ጫፍ በቅጠል፣ በጭቃ ወይም በበረዶ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል

ፓምፑ በጠፋባት ቅጽበት ጉድጓዱን በባትሪ መብራት እየተመለከቱ ይቆዩ። ውሃው ወዲያው ተንደቅድቆ ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ካለ ጥፋቱ የቼክ ቫልቩ ነው። ውስጡ 4 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ በእያንዳንዱ ሜትር 1.25 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል፤ ቁመቱ 3 ሜትር ከሆነ 4 ሊትር የሚጠጋ ውሃ በየዙሩ ተመልሶ ይወርዳል፤ 45 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ጉድጓድም ከፍታውን በ2 ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ያሳድገዋል። ፓምፑ ያንኑ ውሃ ደግሞ ደጋግሞ ሲገፋ ያድራል ማለት ነው። ቫልቩን ከፋሸታው ፍተው፣ ምላሱ ላይ የተጣበቀውን ቆሻሻ አጽድተው፣ ጎማው ከተሰነጠቀ ይቀይሩት።

ውሃው የማይመለስ ከሆነ ግን የተንሳፋፊው ገመድ በጣም አጥሮ መነሻና መጥፊያ ከፍታዎቹን አቀራርቧቸው ይሆናል፤ አምራቹ ከፈቀደው ሳያልፉ ያስረዝሙት።

መሥራቱን አያቆምም

ጉድጓዱ ባዶ ሆኖ ሳለ የሚሠራ ፓምፕ ተንሳፋፊው ከፍ እንዳለ ተይዟል፣ ወይም ማብሪያው እንደተገናኘ ተጣብቋል። ውሃው ሳይጎድል የሚሠራ ከሆነ ደግሞ መለካት ያስፈልጋል። ስፒናውን ነቅለው ውሃው በአንድ ደቂቃ ስንት ሴንቲሜትር እንደሚጨምር፣ መልሰው ሰክተው ደግሞ ስንት እንደሚቀንስ በማስመሪያ ይያዙ፤ 45 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ጉድጓድ አንዱ ሴንቲሜትር 1.6 ሊትር ያህል ነው። ለምሳሌ በደቂቃ 5 የሚጨምር፣ ሲሠራ ደግሞ 10 የሚቀንስ ከሆነ፣ ፓምፑ የሚገፋው የ15 ሴንቲሜትር ውሃ፣ ማለትም በደቂቃ 24 ሊትር ብቻ ነው። ይህን በመመሪያው ውስጥ ለቧንቧዎ ቁመት ከተጻፈው መጠን ጋር ያነጻጽሩት። ከዚያ በጣም ካነሰ ፓምፑ ደክሟል ወይም መንገዱ ጠቧል፤ ከተስተካከለ ግን ፓምፑ ጥፋት የለበትም፣ የሚገባው ውሃ በዝቶበታል። ያን ጊዜ ወደ ውጭ ወጥተው የቧንቧው ጫፍ ውሃውን የሚያፈስበትን ቦታ ይመልከቱ። ከመሠረቱ ሥር የሚያፈስ ከሆነ ያው ውሃ ሰርጎ ይመለሳል፤ ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ፣ መሬቱ ከቤቱ ወደ ውጭ በሚያዘቀዝቅበት በኩል እንዲወጣ ያድርጉ።

ብሬከሩን ይጥላል፣ ይንኳኳል፣ አተላ ይይዛል

እንደተሰካ ብሬከር የሚጥል ፓምፕ ውሃ ወደ ሽቦው ወይም ወደ ሞተሩ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ሽቦው ተልጦ እንደሆነ ይመርምሩ፤ ኤሌክትሪክ እንዳያፈስ የሚከላከለውን የውስጥ ሽፋን መለካት ግን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። ፓምፑ ሲጠፋ አንዴ ብቻ «ጓ» የሚል ድምፅ የቫልቩ መዘጋት ነው፤ ካወከ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ቫልቭ መግጠም ይቻላል። ያለማቋረጥ የሚፋጭ ድምፅ ግን የኩሽኔታ ነው። ብርቱካናማ አተላ ካዩ ብረት የሚመገቡ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ተንሳፋፊውንና ወንፊቱን እየደፈኑ ስለሚያስቸግሩ በብሩሽና በሆምጣጤ ያጽዱ፤ ሆምጣጤና በረኪና ግን መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥሩ በፍጹም አይቀላቀሉ።

የትኛውም ጥገና ሲያልቅ 20 ሊትር ያህል ውሃ በባልዲ ቀስ ብለው ጉድጓዱ ውስጥ ያፍስሱ። በራሱ መነሳቱን፣ በራሱ መጥፋቱን፣ ውሃው ተመልሶ አለመውረዱን ሳያዩ ክዳኑን አይግጠሙ።